ሶሻሊዝምና ነፃ ገበያ አገር ለአገር፦ ቬትናም የተሻገረችውን እኛ ለምን ዘገየንበት?

የቢቸና ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሶሻሊዝምና ነፃ ገበያ በተነሱ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ስድብ ይዞራል። አንዱ «ደርግ ጨረሰን» ይላል። ሌላው «ገበያው ድሃውን በላው» ይላል። ከዚያ ማንም ማንንም አይሰማም። እስቲ ዛሬ አገር ለአገር እያስተያየን እንነጋገር። መነሻቸው ሰማይና ምድር የሆኑትን እንተዋቸው። መነሻቸው ተቀራርቦ መንገዳቸው የተለያየውን እንውሰድ። (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ጀርመኖችና ሁለቱ ኮሪያዎች ሁልጊዜ ስለሚነሱ ቶሎ ልለፋቸው። ምሥራቅ ጀርመን በ1961 ግንቡን ያቆመችው ሕዝቧ ጥሏት እየሄደ ስለነበር ነው። ትራባንት መኪና ለመግዛት ተመዝግቦ ከ10 ዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነበር። ሰሜን ኮሪያ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በፋብሪካ ከደቡቡ ትሻል ነበር። በ1990ዎቹ ግን ሰሜኑ በረሃብ ሲያልቅ ደቡቡ ለዓለም መኪናና መርከብ ይሸጥ ነበር።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የቬትናም ነገር ነው። ቬትናም እኛን ትመስል ነበር። በጦርነት የደቀቀች የገበሬ አገር ናት። መሬቱ የመንግሥት፣ እርሻው የኅብረት፣ ሽያጩ በኮታ፣ ቀለቡ በራሽን ነበር። በ1986 የዋጋ ንረቷ ከ700 በመቶ አልፎ ነበር። በ1988 መጀመሪያ ላይ በሰሜኑ ክፍል ሰው ተርቦ ነበር። ሩዝ ከውጭ ታስመጣ ነበር። ፓርቲው በ1986 መጨረሻ ዶይ ሞይ የሚባለውን ማሻሻያ አወጀ። በ1988 ደግሞ ውሳኔ ቁጥር 10 ወጣ። የኅብረት እርሻው መሬት ለየቤተሰቡ ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1989፣ ያቺው አገር ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ላከች። በዓለም ሦስተኛዋ ሩዝ ላኪ ሆነች። አፈሩ ያው ነው። ገበሬውም ያው ነው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባቴ ጤፍ ገበሬ ነው። በ1978 ዓ.ም. ዝናቡ ያለ ጊዜው ቆመና አዝመራው ተበላሸ። ኮታው 3 ኩንታል ነበር። ከአውድማው የወጣው 2 ኩንታል እንኳ በቅጡ አልሞላም። ይቀነስልኝ ብሎ ለመነ። አልተቀነሰለትም። ከዚያ ሁለት ፍየል ይዞ ገበያ ወጣ። ፍየሎቹን ሸጠ። በዚያው ብር ከነጋዴ ጤፍ ገዛ። የገዛውን ጤፍ በአህያ ጭኖ ወስዶ ለመንግሥት ገዢ አስረከበ፣ ከገዛበት ዋጋ ከግማሽ ባነሰ። ፍየሎቹን የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። 8 ዓመቴ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ በረቱን ባዶውን ሳየው ነው የገባኝ።

ስለዚህ እኔ ማንኛውንም ሥርዓት የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ያመረተው ሰው የልፋቱን ዋጋ ራሱ ይቀበላል ወይ?

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እኛም በየካቲት 1982 ዓ.ም. «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ተብሎ ኮታው ተነስቷል። አምራች ማኅበራቱ በወራት ውስጥ ፈረሱ። ከቬትናም የዘገየነው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ታዲያ ዛሬ የእነሱ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ4,000 ዶላር ሲያልፍ የእኛ 1,000 ዶላር አካባቢ የሚንገላታው ለምንድን ነው?

ቁጥር ይናገር

ቆንጆ ክር ነው ወንድሜ። የአባትህ ነገር ልብ ይነካል። ግን የቬትናምን ታሪክ ከ1988 አትጀምረው። ከዚያ በፊት የተሠራ ነገር አለ።

ማሻሻያው ሲመጣ ከ10 አዋቂ ቬትናማዊ ከ8 በላይ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ ይችል ነበር። በእኛ የ1994 ቆጠራ ማንበብ የሚችለው ከአራት ሰው አንድ አካባቢ ነበር። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ያንን ሕዝብ ያስተማረው ደግሞ ሶሻሊስቱ መንግሥት ነው። እኛም ጋ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የዩኔስኮን ሽልማት እስከማግኘት የደረሰ ሥራ ነው። ጦርነቱና የትምህርት ቤት እጥረቱ ግን ውጤቱን ብዙ ርቀት አላስኬደውም።

ሁለተኛው ውኃ ነው። የቀይ ወንዝና የሜኮንግ ዴልታ ገበሬ በመስኖ በዓመት ሁለቴ፣ አንዳንዱ ሦስቴ ያጭዳል። የቬትናም ገበሬም ማሳው ከእኛ ገበሬ ማሳ አይሰፋም፣ እንዲያውም ይጠባል። ልዩነቱ ቦዩ ነው። ቦዩን የቆፈረውና የጠገነው ደግሞ መንግሥትና ማኅበር ናቸው። ያንተ አባት ኮታው ቢነሳለትም ያ ዝናብ ያለ ጊዜው መቆሙ አይቀርም ነበር።

ሦስተኛው ሰላም ነው። ቬትናም ጦሯን ከካምቦዲያ ያወጣችው በ1989 ነው። ማሻሻያውና ሰላሙ አብረው መጡ። እኛ ቅይጥ ኢኮኖሚ ስንል ጦርነቱ ደጃችን ደርሶ ነበር።

ገበያ ብቻውን አላሻገራቸውም እያልኩ ነው። የተማረ ሰውና የተቆፈረ ቦይ ላይ ነው ገበያው የተለቀቀው።

የጅማ ቡና

እኔ ከቡና ቤተሰብ ነኝ። ስለዚህ ቬትናም ስትባል ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ።

ቬትናም በ1980ዎቹ አጋማሽ በቡና ከቁጥር የምትገባ አልነበረችም። ከማሻሻያው በኋላ በተለይ ዳክ ላክ በሚባለው ደጋ ገበሬው ሮቡስታ መትከል ያዘ። በ2000 አካባቢ ኮሎምቢያን አልፋ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። የቡና መገኛ የሆነችውን አገር ጥላ ሄደች። አብዛኛው ደግሞ የትናንሽ ገበሬዎች ማሳ ነው። ይህን ሳይ አደንቃለሁ።

ግን ሌላውም ገጽ አለ። እስከ 1989 ድረስ የዓለም ቡና በስምምነት ይሸጥ ነበር። አምራችና ገዢ አገሮች በኮታ ዋጋውን ይደግፉት ነበር። በሐምሌ 1989 ያ ስምምነት ፈረሰና ቡናው ለነፃ ገበያ ተለቀቀ። ከዚያ የቬትናም ቡና ዓለምን አጥለቀለቀው። በ2001 እና በ2002 ዋጋው ለአሥርት ዓመታት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወረደ።

ያኔ እኛ ሰፈር ምን ሆነ መሰላችሁ? እሸቱ ቀልቶ ዛፉ ላይ ቀረ። ለቃሚ የምትከፍለው ከቡናው ዋጋ በለጠ። አያቴ ጠዋት ጠዋት ትወጣና የምትችለውን ያህል በራሷ እጅ ትለቅም ነበር፣ ዓይኗ እያየ ሲረግፍ አልቻለችም። ጀንፈሉን አስጥታ ከረጢት ሞላች። ነጋዴ አልመጣም። ታናሽ አጎቴ ከትምህርት ቤት የቀረው በዚያ ዓመት ነው። ሐረርጌ ውስጥ ደግሞ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው።

የዳክ ላኩም ገበሬ በዚያ ዓመት ከስሯል፣ እሱንም አልረሳውም። የቢቸና ልጅ፣ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው። አያቴ የልፋቷን ዋጋ ራሷ ተቀብላለች። ዋጋው ግን ምንም ነበር። ገበያው ሲወድቅ የሚደግፋት አልነበረም። እኔ ደግሞ ሥርዓትን የምመዝነው በዚህ ነው።

ቮሮኔዥ 79

ልጆቼ፣ ጥሩ ታወራላችሁ። እኔ በ1979 ዓ.ም. ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ገባሁ፣ የወጣሁት በ1992 በጋ ነው። ሁለቱንም ሥርዓት በአንድ ዶርም ውስጥ ሆኜ አየሁ ማለት እችላለሁ።

መጀመሪያ ሰልፉን ልንገራችሁ። መንገድ ላይ ሰልፍ ካየን ምን እንደሚሸጥ ሳንጠይቅ እንሰለፍ ነበር። ከደረስን በኋላ ነው ጫማ ይሁን ቋሊማ የምናውቀው። ዳቦ ርካሽ ነበር። ሕክምና በነፃ ነበር። ገንዘብ ነበረን፣ የሚገዛ ዕቃ ግን አልነበረም።

በጥር 2 ቀን 1992 የሩሲያ መንግሥት ዋጋን በአንድ ቀን ለቀቀው። ሱቆች ከሳምንታት በኋላ ዕቃ ታየባቸው። ግን ማን ይግዛው? የዶርማችን ጠባቂ የነበረች አንዲት እናት ነበረች። እኛ ተማሪዎቹ «ማማ» ነበር የምንላት። ለ20 ዓመት ከደመወዟ እየቆነጠረች በቁጠባ ባንክ ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበራት። በጋ ሲደርስ ያ ሁሉ ገንዘብ አንድ ጥንድ የክረምት ቡትስ የሚገዛ ሆነ። ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ። በተርታ የተጻፈ ቁጥር፣ ከ1971 ጀምሮ፣ በየወሩ። ምን ልበላት? ዝም አልኩ።

የመንግሥት ፋብሪካዎች ለሕዝብ ይከፋፈላሉ ተብሎ ኩፖን ታደለ። በ1995 ደግሞ ትልልቆቹ የነዳጅና የኒኬል ድርጅቶች በብድር ስም ለጥቂት ሰዎች በማይረባ ዋጋ ሄዱ። የሩሲያ ወንድ አማካይ ዕድሜ በ1990 64 ዓመት አካባቢ ነበር። በ1994 ከ58 በታች ወረደ። ያለ ጦርነት እንዲህ ያለ ነገር በሰላም አገር ሲሆን አስቡት።

እኔ የድሮውን አልናፍቅም፣ ሰልፉን አልረሳሁትም። ነገር ግን «ገበያ ልቀቅና ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያቺ ሴት ከነደብተሯ ትመጣብኛለች።

የቢቸና ልጅ

ጋሼ፣ ይህን ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልኝ። ደብተሩ ላይ ያሉት ነገር ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

እርስዎ ያነሱት ነገር ላይ ቻይናን ልጨምር። በ1978 መጨረሻ በአንሁዊ ግዛት፣ ሺያውጋንግ በሚባል መንደር፣ 18 ገበሬዎች ማታ ተሰብስበው መሬቱን በድብቅ ተከፋፈሉ። ወረቀት ጻፉና በጣት አሻራ ፈረሙበት። መሪዎቹ ቢታሰሩ ቀሪዎቹ ልጆቻቸውን 18 ዓመት እስኪሞላቸው ሊያሳድጉ ተማማሉ። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ ማኦ እርሻውን ሁሉ በኅብረት ባደረገበት በታላቁ ወደፊት ዘመቻ ዘመን፣ ከ1958 ጀምሮ በመጣው ረሃብ ያ ግዛት ብዙ ሰው ያለቀበት ነው። ሰዎቹ የሚፈሩትን ያውቃሉ።

መንግሥት በኋላ አሠራሩን ተቀበለው። ግን ኮታውን በአንድ ቀን አላነሳውም። ገበሬው ለመንግሥት የሚያስረክበውን በተወሰነ ዋጋ ያስረክባል፣ የተረፈውን በገበያ ይሸጣል። ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ለዓመታት ሄደ። የከተማው ሰው ዳቦው በአንድ ሌሊት አልራቀበትም። የሩሲያው ግን በጥር አንድ ማለዳ ነው የነቃው። ሁለቱም ወደ ገበያ ሄዱ፣ አንዱ በደረጃ ወረደ፣ አንዱ ከጣሪያ ዘለለ።

የጅማ ቡና፣ ያንተንም ተቀብያለሁ። ጥያቄዬ ግማሽ ነበር። ዋጋውን ይቀበላል ወይ ብቻ ሳይሆን ዋጋው ሲወድቅ ማን ይሸከመዋል የሚለውም ይገባል።

ስቶክሆልም ነዋሪ

በአጭሩ ላስገባ። እዚህ ክር ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ ሰዎች «ስዊድን ሶሻሊስት ናት፣ እዩዋት» ሲሉ እሰማለሁ። 14 ዓመት ኖሬባታለሁ። ፋብሪካው የግል ነው። ሱቁ የግል ነው። የውርስ ግብር እንኳ ከ2005 ጀምሮ የለም። በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፣ ማኅበሩና አሠሪው ቁጭ ብለው ይደራደራሉ። በ1992 የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ ተማሪ እንዲቀበሉ ተፈቀደ።

ታዲያ ምኗ ነው ልዩ? ከደመወዜ ብዙ ይቆረጣል። ልጄ ሆስፒታል ስትተኛ ግን ስለ ሂሳብ አላሰብኩም። ገበያው ያመርታል፣ ግብሩ ያካፍላል። ይህን ሶሻሊዝም ማለት ነገሩን ያደናግረዋል። መንግሥት ጫማ ቤት አልከፈተም።

ናይሮቢ ያለችው

የምሥራቅ አፍሪካን ንጽጽር ለምን ዘለላችሁት? እኔ ዳሬ ሰላም 6 ዓመት፣ ናይሮቢ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ኬንያና ታንዛኒያ ነፃ እስኪወጡ ድረስ ሁለቱም በእንግሊዝ ሥር ነበሩ፣ በቋንቋም ይገናኛሉ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ በ1967 የአሩሻን አዋጅ አወጡ። ባንኩ፣ ትልልቁ እርሻ፣ ንግዱ ወደ መንግሥት ዞረ። ከ1973 ጀምሮ ሚሊዮኖች ገበሬዎች ኡጃማ ወደሚባሉ የኅብረት መንደሮች ተሰበሰቡ፣ ብዙዎቹ በግድ። ከዚያ ታንዛኒያ እህል ለማስመጣት ተገደደች። የእኛም የመንደር ምሥረታ ከዚያ የራቀ አልነበረም። ኔሬሬ በ1985 ሥልጣን ሲለቁ ሱቁ ባዶ ነበር። ኬንያ በገቢ እስከ ዛሬ ትበልጣለች።

ግን ቁጥሩ የማያሳየው ነገር አለ። ዳሬ ሰላም የሚሠሩ ጓደኞቼን «ብሔርህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ መልስ ለማግኘት ጊዜ ይወስድብኝ ነበር፣ ጥያቄው ራሱ ይገርማቸዋል። ሁሉም በስዋሂሊ ነው የተማረው፣ ሁሉም ከሌላ ክልል ልጆች ጋር ነው የተማረው። ናይሮቢ ውስጥ ግን የሰውን ብሔር በስሙ ብቻ ያውቁታል። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ኬንያ ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰው ሞቷል። እኔ ያኔ በሬን ቆልፌ ለሁለት ሳምንት ከጎረቤት ጋር በአንድ ከረጢት ዱቄት ኖሬያለሁ።

የኔሬሬ ኢኮኖሚ ወድቋል። ይህን ማንም አይክድም። ሕዝብን አንድ ያደረጉበት ሥራቸው ግን ጸንቶ አለ፣ ዛሬ ታንዛኒያ ገበያዋን ከፍታ ስታድግ የምትቆመው በዚያ ላይ ነው።

ቁጥር ይናገር

እህቴ፣ ይህ በጣም ጥሩ ነጥብ ነው። ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስና የመሬቱን ጉዳይ ላንሳ፣ ቬትናምና እኛ የተለያየንበት እዚያ ስለሆነ።

በቬትናም ዛሬም መሬት በሕግ የሕዝብ ነው። ግን የ1993ቱ የመሬት ሕግ ለባለይዞታው አምስት መብት ሰጠው፦ መለወጥ፣ ማስተላለፍ፣ ማከራየት፣ ማውረስና ማስያዝ። ገበሬው የይዞታ ወረቀቱን ባንክ አስይዞ ይበደራል። እኛ ጋ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ለረጅም ጊዜ መሬቱን አስይዞ መበደር አልቻለም። ከባለ ገንዘብ አራጣ ይበደራል፣ ካልሆነ በሬውን ይሸጣል።

እኛም አላደግንም ማለት አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ከ100 ሰው 45 የሚሆነው ከድህነት መስመር በታች ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23 አካባቢ ወረደ። ያንን ካገዙት መካከል የመንግሥት መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አሉ። ችግሩ የግሉ ፋብሪካ ከኋላ ተከትሎ አለመምጣቱ ነው። ቬትናም ውስጥ መጣ። ሳምሰንግ ባክ ኒን ላይ ስልክ መሥራት ከጀመረ በኋላ የገበሬው ልጅ ከማሳው ወጥቶ የሚሄድበት ቦታ አገኘ።

የጅማ ቡና

የመሬቱ ላይ አልስማማም። ለምን ብትለኝ፣ በዚያ የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት መሬት መሸጥ ቢቻል ኖሮ አያቴ ሸጣ ነበር። እርግጠኛ ነኝ። የገዛት ሰው ዛሬ ሀብታም ነው፣ እሷ ደግሞ ከተማ የሰው ጓዳ ውስጥ ትሆን ነበር። ዛሬ ያ ማሳ አለ። አጎቴ ትምህርቱን አጣ እንጂ መሬቱን አላጣም።

ቁጥር ይናገር

ያልከው ነገር ሜኮንግ ውስጥ ታይቷል። በ1990ዎቹ መሬት አልባው ገበሬ በዝቷል፣ በዕዳና በበሽታ የሸጠ ብዙ ነው። እቀበላለሁ። ግን ማስያዝና መሸጥን እንለያቸው። ያኔ አያትህ መሬቱን ሳትሸጥ አስይዛ ለአጎትህ ደብተር የሚሆን ብትበደር ምን ትመርጥ ነበር?

የጅማ ቡና

እሱን ትመርጥ ነበር። የሚያበድራት ከተገኘ።

የቢቸና ልጅ

ዛሬ ጠዋት አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለዚህ ክር ነገርኩት፣ ስለ ቬትናሙም፣ ስለ ጋሼም ደብተር። ከዚያ ጠየቅኩት። ኮታው ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ያገባኸውን ጤፍ ስንት ሸጥከው?

ዋጋውን አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ሌላ ነው። በ1983 ዓ.ም. ጥር ላይ ወቅቶ ሲያስገባ ጦርነቱ እየቀረበ ነበር፣ መንገዱ ተዘግቷል። ብዙ ሰው ቶሎ ሸጠ። እሱ አልሸጠም። «የሚጠይቀኝ የለም፣ ለምን እቸኩላለሁ» አለኝ። ጤፉ ሰኔ ድረስ ጎተራ ውስጥ ቆየ። ከዚያ በፊት ሰኔን በገዛው እህል ነበር የሚያልፈው።

እናቴ ማታ ማታ ኩራዝ ይዛ ትሄድና ክንዷን እስከ ክርኗ ጎተራው ውስጥ ትከት ነበር አለኝ። እህሉ የት ድረስ እንደሆነ ለመለካት።